ኤሚል ዞላና የሩጎን ማካር የዘር ሐረግ

ሃያ ልቦለዶች የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ሲተርኩ የገጸ ባሕርያቱ ዕድሜ፣ ዝምድናና ጠባይ እንዳይፋለስ ምን ይጠብቀዋል? የፈረንሳዊው ደራሲ የኤሚል ዞላ ሕይወትና አሠራር ለዚህ ጥያቄ መልስ ይጠቁማል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዞላ በ1840 በፓሪስ ተወልዶ ያደገው በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ አን ፕሮቫንስ ነው። ትውልደ ጣሊያናዊው መሐንዲስ አባቱ በ1847 በመሞቱ ቤተሰቡ ለችግር ተዳረገ። ዞላ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ወድቆ ጥቂት ዓመታት በድህነት ከኖረ በኋላ፣ በ1862 በአሼት ማተሚያ ቤት ተቀጠረ፤ ከ1866 ጀምሮ ግን በብዕሩ ብቻ ይተዳደር ጀመር።

በ1860ዎቹ ማብቂያ፣ የሁለተኛውን የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ዘመን (1852–1870) በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ለማሳየት ዐቀደ። ዐሥር መጻሕፍት ይበቃሉ ብሎ የጀመረው ሥራ ሃያ ደረሰ፤ የመጀመሪያው በ1871፣ የመጨረሻው በ1893 ታተመ። ለየልቦለዱ የሚያዘጋጀው ማስታወሻ የታሪኩን ንድፍ፣ የምዕራፎቹን ዕቅድና ከየቦታው የተሰበሰበውን መረጃ ይይዛል፤ የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ዕድሜ፣ መልክ፣ ጠባይና የዘር ውርስም ለብቻው ይመዘገባል። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ሰንጠረዥ በ1878 ለአንባቢ ይፋ አደረገ።

ሰንጠረዡ መታተሙ ግን ደራሲውን በራሱ ቃል አሰረው። የልብስ አጣቢዋ የዠርቬዝ ልጅ ኤትየን በመጀመሪያው ዕቅድ ነፍሰ ገዳይ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ1885 በታተመው «ዠርሚናል» ግን የማዕድን ሠራተኞች አድማ መሪ ሆነ። ስለ ባቡር ሐዲድ ሰዎች ለሚተርከውና በ1890 ለወጣው ልቦለድ ሌላ ገዳይ አስፈለገ። ዞላ የኤትየንን ጠባይ ከማፋለስ ይልቅ ዣክ የተባለ ወንድም ፈጠረለት። በ1877ቱ ልቦለድ ከዠርቬዝ ጋር ወደ ፓሪስ የመጡት ወንዶች ልጆች ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ፣ ዣክ በትውልድ አገሩ ከክርስትና እናቱ ዘንድ ቀርቶ እንደ ነበር ተረከ። ሰንጠረዡን በ1893 ሲያድስም ስሙን አስገባ።

ሁሉም እንዲህ አልተቃናም። የተከታታዩ ዘመን በ1870 ስለሚዘጋ፣ በ1852 የተወለደችው ናና ያን ሁሉ ውጣ ውረድ አሳልፋ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ትሞታለች። ቀኑ ተስማማ፤ ዕድሜው ግን ታሪኩን አልቻለም።

ዞላ በ1898 ያለ በደሉ ለተፈረደበት ለካፒቴን ድሬይፉስ በግልጽ ደብዳቤ በመሟገቱ ተከሶ ተፈረደበት፤ ወደ እንግሊዝም ተሰደደ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ፣ በ1902 በፓሪስ መኖሪያው በምድጃ ጭስ ታፍኖ ሞተ።

በመጨረሻው ልቦለድ ዶክተር ፓስካል ስለ ቤተሰቡ ያጠራቀማቸውን ሰነዶች የገዛ እናቱ ታቃጥላቸዋለች፤ ከእሳቱ የሚተርፉት የዘር ሐረጉና ጥቂት ቁርጥራጮች ናቸው። የዞላ ማስታወሻዎች ግን አብዛኞቹ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ተመራማሪው ዣክ መቼና ለምን እንደ ተወለደ ዛሬም ሊከታተል የሚችለው በእነርሱ ነው።