የስንዴው ሰው፣ ኒኮላይ ቫቪሎቭ

በእኔ አስተያየት እርሻ የሚማር ሰው ኒኮላይ ቫቪሎቭን ሳያውቅ መመረቅ የለበትም። ሰውየው በ1887 ሞስኮ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እዚያው የግብርና ትምህርቱን ጨርሶ በ1917 ሳራቶቭ ከተማ አስተማሪ ሆነ። ይህችን ከተማ ያዙልኝ። ኋላም ሌኒንግራድ የነበረውን የእፅዋት ተቋም እየመራ፣ ዓለምን እየዞረ ዘር ሰበሰበ።

እኛም ሀገር መጥቷል። በ1927 ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በበቅሎ እየተጓዘ የማካሮኒ ስንዴያችንን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደነቀ። ዛላው ጺም የሌለውንም ያገኘው እዚሁ ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ብዙም የማይወራለት ነው። ከ1923 ጀምሮ ተቋሙ አንድ ዓይነት ዘሮችን በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ከመቶ በላይ በሆኑ ቦታዎች ዘራ። ዘሩ ያው ነው፤ የሚለየው ቦታው ብቻ ነው። ታዲያ ምን ተገኘ? እርጥበት ባለው ሰሜን ምዕራብ የበቀለው ስንዴ ፕሮቲኑ አነስተኛ ሲሆን፣ ወደ ደረቁ ደቡብ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር ፕሮቲኑ ከፍ እያለ ሄደ። ምክንያቱም ፍሬው በሚሞላበት ሰዓት ሙቀትና ድርቅ ከመጣ ስታርች የሚጠራቀምበት ጊዜ ያጥራል። ፍሬው ይኮማተራል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ የፕሮቲኑ ድርሻ ግን ይጨምራል (መሬቱ ናይትሮጅን ካለው ነው እንግዲህ)። ለገበሬው ኪሳራ የሆነው ለዳቦ ጋጋሪው ሊመች ይችላል ማለት ነው።

የሚገርመው፣ አካባቢ ስንዴን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለክቶ ያሳየው ይኸው ሰው፣ በኋላ የአካባቢን ኃይል ይክዳሉ ከተባሉት ሳይንቲስቶች ጋር ተፈረጀ! ትሮፊም ሊሴንኮ ስንዴ ከአካባቢው ያገኘው ጠባይ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ይል ነበር፤ ስታሊንም ደገፈው። ቫቪሎቭ ግን ከዘረመል ሳይንስ አልተነቃነቀም። ደግሞም ደረቅ ቦታ የበቀለ ስንዴ እርጥብ ቦታ ተመልሶ ቢዘራ፣ ያንን ፕሮቲን ይዞት አይሄድም።

በኦገስት 1940 ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ ዘር ሊሰበስብ በሄደበት ተያዘ። ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስር ቢቀየርለትም በጃንዋሪ 1943 እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። እስር ቤቱ ያለው ያችው ያስተማረባት ሳራቶቭ ውስጥ ነው። ፍርዱ የተሰረዘለት በ1955 ነው።

በእነዚያው ዓመታት በተከበበችው ሌኒንግራድ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ በረሃብ ሲሞቱ፣ የተቋሙን ዘር ግን አልበሉትም። ከእኛ ሀገር የሄደው ስንዴም ከዚያው ክምችት ውስጥ ነበር።