የመብረቅን መንገድ የቀየሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1706 በሰሜን አሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ፣ 17 ልጆች የወለደ ሰው ስለ ነበረ ልጁን ከሁለት ዓመት በላይ ትምህርት ቤት ሊያቆየው አልቻለም። ፍራንክሊን በ12 ዓመቱ በታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ገብቶ የኅትመት ሙያ ተማረ፤ በ17 ዓመቱም ከወንድሙ ጋር ባለመስማማቱ ኮብልሎ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። እዚያ በሙያው ሀብት አፈራ፤ 42 ዓመት ሲሞላው ሥራውን ለሸሪኩ ትቶ ጊዜውን ለምርምር አዋለ።

በዚያ ዘመን ብዙው ሰው መብረቅን የአምላክ ቁጣ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። በአውሮፓ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም መብረቁን ለማራቅ ሲሉ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚደውሉ ሰዎች ራሳቸው በመብረቅ ይሞቱ ነበር። ፍራንክሊን ግን መብረቅ በቤቱ ከሚሞክረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ በመጠን እንጂ በባሕርይ እንደማይለይ ገመተ፤ ለመፈተኛም ሾጣጣ የብረት ዘንግ በከፍታ ላይ እንዲተከል ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1752 በፈረንሳይ አገር ሐሳቡ ተሞክሮ ከዘንጉ ብልጭታ ተገኘ። በዚያው ዓመት ፍራንክሊን ራሱ ከሐር ጨርቅ የተሠራ ካይት ወደ ደመናው ለቀቀ፤ በክሩ ጫፍ ካንጠለጠለው ቁልፍም ብልጭታ ወጣ። በብዙ ሥዕሎች እንደሚታየው ግን መብረቁ ካይቱን አልመታም፤ መትቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

በሌላ ሰው ላይ ግን ደረሰ። ጌኦርግ ሪክማን በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ የሚኖር ሊቅ ነበረ። የኤሌክትሪኩን ኃይል ለመለካት ከጣራው ላይ ብረት አቁሞ ሽቦውን ወደ ክፍሉ አስገባ፤ ሽቦው ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1753 ነጎድጓድ ሰምቶ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ወደ መሣሪያው ጎንበስ እንዳለም ብልጭታው ግንባሩን መትቶ ገደለው። አብሮት የነበረው ሠዓሊ ወደቀ እንጂ አልሞተም።

ፍራንክሊን ለቤቶች መጠበቂያ ያቀደው ዘንግ ከዚህ የሚለየው መሬት ድረስ የሚወርድ መንገድ ስላለው ነው። መብረቁን አያስቀረውም፤ ሲወርድ ግን ቤቱንና ሰውን ትቶ በብረቱ በኩል ወደ ምድር እንዲሄድ ያደርገዋል። ዛሬ በትርፍ ጊዜያቸው ከሩቅ ሰው ጋር በሬዲዮ ለመነጋገር በጣራቸው ላይ አንቴና የሚተክሉ ሰዎች ሽቦውን እንዲሁ ወደ ክፍላቸው ካስገቡ፣ ሳያውቁት የሪክማንን መሣሪያ መሥራታቸው ነው። የአንቴናው ምሰሶ በቤቱ ውጭ በኩል፣ በወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ በአጭርና ባልተጠማዘዘ መንገድ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይያያዛል፤ ይህም ዘንግ ከቤቱ የኤሌክትሪክ የመሬት መስመር ጋር ይገናኛል። ወደ ቤት የሚገባው ሽቦም ከመግባቱ በፊት ትርፉን ኃይል ወደ ምድር የሚያወርድ መከላከያ ይደረግለታል። ይህ ሁሉ ተሠርቶም ቢሆን ሽቦው ከሬዲዮው የሚነቀለው ነጎድጓዱ ሳይቃረብ ነው፤ ከተቃረበ በኋላ ሊነቅሉት መሄድ የሪክማንን ሩጫ መድገም ይሆናል።

ፍራንክሊን ከዚያ በኋላ ወደ ፖለቲካ አዘነበለ፤ እ.ኤ.አ. በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሆነ፤ በፈረንሳይም አገሩን ወክሎ ብዙ ዓመት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1790 በ84 ዓመቱ በፊላደልፊያ ሞተ። በመብረቅ መከላከያው ዘንግ ላይ የባለቤትነት መብት ስላልጠየቀ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሠራው ነበር።