ሳሙኤል ኢንሱል፦ ከየግል ማመንጫ ወደ ማዕከላዊ ጣቢያ

በዘመናችን ብዙ ድርጅቶች በየግቢያቸው ያቋቋሙትን የኮምፒዩተር ክፍል እያሳነሱ፣ የማስላትና የማከማቸትን አገልግሎት በሩቅ ከሚገኙ ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች በኪራይ መውሰድ ጀምረዋል። ክላውድ ተብሎ የሚጠራው ይህ አሠራር ፈጽሞ አዲስ ይመስላል፤ ነገር ግን ኢንዱስትሪ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ በዚሁ ጎዳና ተጉዟል። ያን ጊዜ ከየፋብሪካው ግቢ እየወጣ ወደ ማዕከል የተዛወረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲሆን፣ ዝውውሩን ከመሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሳሙኤል ኢንሱል ነበር። የዚህ ሰው ሕይወት ከፍ ያለ ክብርና ከባድ ውድቀት የተፈራረቁበት ስለሆነ፣ ክብሩም ሆነ ውድቀቱ ለሙያ ባልደረቦች ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢንሱል ኖቬምበር 11 ቀን 1859 በለንደን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ኑሮ ያልሞላላቸው ነበሩና በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ። አጭር ጽሕፈት ተምሮ ራሱን በማሻሻል ቆይቶ በቶማስ ኤዲሰን የለንደን ወኪል ቢሮ ጸሐፊ ለመሆን በቃ። በ1881፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ባሕር ተሻግሮ ኒው ዮርክ ገባና የኤዲሰን የግል ጸሐፊ ሆነ። ሥራው ደብዳቤ በመጻፍ ብቻ አልተወሰነም፤ የፈልሳፊውን የገንዘብና የንግድ ጉዳይ ጭምር ይከታተል ነበር። በዚህም ምክንያት በሴፕቴምበር 1882 የኒው ዮርኩ የፐርል ስትሪት ጣቢያ ሥራ ሲጀምር፣ የኤሌክትሪክን ንግድ ከመነሻው ለማየት ዕድል አገኘ።

በዚያን ጊዜ ግን አብዛኛው ሰው ኤሌክትሪክን እንደ ዕቃ እንጂ እንደ አገልግሎት አይመለከተውም ነበር። ሆቴሉ፣ ታላቁ መደብር፣ ፋብሪካውና የከተማው ባቡር ኩባንያ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የእንፋሎት ሞተርና ዲናሞ ገዝተው በምድር ቤት ይተክላሉ፤ ለዚሁም መሐንዲስና እሳት አንዳጅ ይቀጥራሉ። የማመንጫ ዕቃ ሠሪዎቹም ኩባንያዎች ትርፋቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ሽያጭ ነበር። ኢንሱል ራሱ በ1886 ወደ ስኬኔክታዲ የተዛወረውን የኤዲሰን ፋብሪካ ስላስተዳደረ ይህን ንግድ ጠንቅቆ ያውቃል።

በ1892 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲመሠረት በአዲሱ ኩባንያ ውስጥ ከፍተኛ ሹመት ሊይዝ ይችል ነበር። እርሱ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ደመወዝ፣ ማለትም በዓመት 12,000 ዶላር ተቀብሎ፣ የቺካጎ ኤዲሰን የተባለ ትንሽ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ለመሆን መረጠ። የኩባንያውንም አክስዮን ለመግዛት ከነጋዴው ከማርሻል ፊልድ 250,000 ዶላር ተበደረ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት በቺካጎ ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት ተጠቃሚዎች ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ። ብዙዎች በዚህ ቁጥር የገበያውን ትንሽነት ሲያዩ፣ እርሱ ያየው ገና ያልተነካውን ገበያ ነበር።

የኢንሱል ዋና ግኝት አዲስ መሣሪያ ሳይሆን አዲስ ሒሳብ ነበር። ለምሳሌ አንድ ሆቴል 100 ኪሎዋት የሚያመነጭ መኪና ተክሎ በቀንና በሌሊት በአማካይ 20 ኪሎዋት ብቻ ቢጠቀም፣ ሎድ ፋክተሩ 20 ከመቶ ይሆናል። የመኪናው ዋጋና የብድሩ ወለድ ግን በሙሉ ይከፈላል። እንግዲህ መብራት የሚፈልገው ቤት ማታ፣ ፋብሪካው ቀን፣ የከተማው ባቡር ጠዋትና አመሻሽ ላይ ኃይል የሚወስዱ ከሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ጣቢያ የሚያገለግል ሰው የእያንዳንዱን ከፍተኛ ፍላጎት ደምሮ ያንን ያህል መኪና መትከል አያስፈልገውም። የተለያዩ ደንበኞች በበዙ ቁጥር መኪናው ሥራ ፈትቶ የሚቆምበት ሰዓት ያንሳል፤ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወርዳል።

ኢንሱል በ1894 ወደ እንግሊዝ አገር በሄደ ጊዜ በብራይተን ከተማ አርተር ራይት የተባለ ባለሙያ በሥራ ላይ ያዋለውን ቆጣሪ ተመለከተ። ይህ መሣሪያ ደንበኛው በአንድ ጊዜ የወሰደውን ከፍተኛ ጭነት ይመዘግባል። ኢንሱል በዚሁ መሠረት ለተያዘለት አቅም አንድ ክፍያ፣ ለተጠቀመበት ኃይል ደግሞ ሌላ ክፍያ የሚያስከፍል ታሪፍ በቺካጎ አስገባ። ለባቡር ኩባንያዎችና ለታላላቅ ደንበኞችም የገዛ ማመንጫቸውን ቢያንቀሳቅሱ ከሚያወጡት ያነሰ ዋጋ አቀረበላቸው።

ይሁንና በፒስተን የሚሠሩት የእንፋሎት ሞተሮች ከአንድ መጠን በላይ ለማደግ አልቻሉም። ስለዚህ ኢንሱል ጄኔራል ኤሌክትሪክን ጎትጉቶ ከዚያ በፊት ያልተሞከረ 5,000 ኪሎዋት የሚያመነጭ የእንፋሎት ተርባይን አሠራ። ኪሣራውንም ሁለቱ ኩባንያዎች ተከፋፈሉት፤ መኪናው ባይሠራ የመሥሪያውን ወጪ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ የመትከያውን ወጪ የኢንሱል ኩባንያ ሊችል ተስማሙ። ተርባይኑ በ1903 በፊስክ ስትሪት ጣቢያ ሲነሣ መሐንዲሱ ፍሬዴሪክ ሳርጀንት አደጋ ሊደርስ ስለሚችል ኢንሱል ከአካባቢው እንዲርቅ መከረው። ኢንሱል ግን መኪናው ከፈነዳ የእርሱም ኑሮ አብሮ የሚጠፋ መሆኑን ገልጾ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቀረ። ተርባይኑም ሠራ። በ1907 ሁለት ኩባንያዎች ተዋሕደው ኮመንዌልዝ ኤዲሰን ሲቋቋም፣ በምድር ቤት የተተከሉት የግል ማመንጫዎች ዘመን ማዘቅዘቁ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ነበር።

የኮምፒዩተር ታሪክ ይህንኑ ሂደት ተከትሏል። በ1961 ጆን ማካርቲ የተባለው የሒሳብና የኮምፒዩተር ሊቅ ማስላት አንድ ቀን እንደ ስልክ የሕዝብ አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። በ1990ዎቹ ዓመታት ሳይንቲስቶች የተራራቁ ኮምፒዩተሮችን አገናኝተው እንደ አንድ ሲጠቀሙባቸው፣ ስያሜውን ከኤሌክትሪክ መረብ ወስደው ግሪድ አሉት። በ2006 ደግሞ አማዞን የማከማቻና የማስላት አቅሙን በአጠቃቀም ልክ እያስከፈለ ማከራየት ጀመረ። ሒሳቡ የኢንሱል ሒሳብ ነው። በበዓል ሰሞን ገበያ የሚደራለት መደብር፣ በወር መጨረሻ ደመወዝ የሚያሰላ መሥሪያ ቤትና ሌሊት ስሌት የሚያካሂድ የምርምር ተቋም በአንድ ማዕከል ሲገናኙ የአንዱ ሥራ ፈት ሰዓት ለሌላው ይውላል። ለረዥም ጊዜ አቅም ለሚያስይዝ ደንበኛ የሚሰጠው ቅናሽም የብራይተኑን ቆጣሪ ያስታውሳል።

የለውጡ ክብደት የሚታወቀው በሠራተኛው ላይ ነው። የግል ማመንጫው ሲዘጋ እሳት አንዳጁና የሞተር ጠባቂው ሥራቸው ተነካ፤ ፋብሪካው ግን ሞተሮቹን የሚያደላድል፣ መስመሩን የሚዘረጋና ከኃይል ሻጩ ጋር የሚደረገውን ውል የሚመረምር ባለሙያ ፈለገ። ዛሬም ሰርቨር የሚተክልና ዲስክ የሚለውጥ ሰው ፍላጎት ሲቀንስ፣ አሠራሩን የሚነድፍ፣ ደኅንነቱን የሚጠብቅና ወጪውን የሚቆጣጠር ሰው ፍላጎት ይጨምራል። ቀድሞ በአንድ ጊዜ በጀት ይገዛ የነበረው መሣሪያ አሁን የወር ሒሳብ ስለሆነ፣ ተዘንግቶ ሲሠራ የሚያድር አንድ ሰርቨር ሁሉ ገንዘብ ይቆጥራል። ይህን የማያውቅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኪራዩ ከግዢው በልጦ ሊያገኘው ይችላል።

ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ኤሌክትሪክ ከየትም ቢመጣ አንድ ነው፤ ተጠቃሚው ሻጩን ቢለውጥ ጣቢያው ውስጥ ትቶት የሚሄደው ነገር የለም። መረጃ ግን የባለቤቱ ምስጢር፣ የደንበኞቹ አደራና የሥራው ማስታወሻ ነው። በ2013 ኒርቫኒክስ የተባለው የማከማቻ ኩባንያ ሲከስር ደንበኞቹ መረጃቸውን እንዲያወጡ የተሰጣቸው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 ደግሞ በአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል በስሕተት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ ብዙ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አቋረጠ።

ኢንሱል ይህን መሰሉን ሥጋት ከባልደረቦቹ ቀድሞ አስቦበታል። በ1898 የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲናገር፣ በአንድ ከተማ ብቻውን የሚሸጥ ኩባንያ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲውልና ዋጋውም በሕግ እንዲወሰን ጠየቀ። ባልደረቦቹ ደነገጡ፤ ነገር ግን በ1907 ዊስኮንሲንና ኒው ዮርክ ይህን የመሰለ ቁጥጥር አቋቋሙ፤ ሌሎችም ክፍላተ አገር ተከተሏቸው።

ሆኖም ይኸው ሰው ቁጥጥሩ በማይደርስበት በኩል ወደቀ። በ1912 ባቋቋመው ሚድል ዌስት ዩቲሊቲስ አማካይነት ኩባንያ በኩባንያ ላይ እየደረበ በብዙ ክፍላተ አገር የተዘረጋ ታላቅ ድርጅት ገነባ። ከ1929 የገበያ ውድቀት በኋላ በብድር የተደረበው ሕንፃ ተናደ፤ ሚድል ዌስትም በ1932 በፍርድ ቤት ሞግዚት እጅ ገባ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ባለ አክስዮኖች ጥሪታቸውን አጡ። ኢንሱል ወደ አውሮፓ ሄደ፤ በግሪክ ቆይቶ በ1934 በኢስታንቡል ተይዞ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በተከታታይ በቀረቡበት ክሶች ሁሉ በነፃ ተለቀቀ፤ ስሙ ግን አልተመለሰለትም። ጁላይ 16 ቀን 1938 በፓሪስ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በልብ ድካም ሞተ።

በዚህ ሁሉ መካከል የቺካጎ መብራት አልጠፋም። የበላይ ኩባንያዎቹ ሲፈርሱ ኃይል አመንጭተው የሚያከፋፍሉት ኩባንያዎች፣ ኮመንዌልዝ ኤዲሰንን ጨምሮ፣ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ቀድሞ የተዘረጋው የሕዝብ ቁጥጥርና የማይነጥፈው የደንበኞች ክፍያ ደግፈዋቸዋልና። በ1935 የአሜሪካ ምክር ቤት የበላይ ኩባንያዎችን የሚገታ ሕግ አወጣ። የአውሮፓ ኅብረትም ደንበኛ ከአንድ የክላውድ ኩባንያ ወደ ሌላው መረጃውን ይዞ እንዲዛወር የሚያስችል ሕግ አውጥቶ ከ2025 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል።

ስለዚህ የምድር ቤቱን መኪና ለመዝጋት የሚወስን መሐንዲስ ከዋጋው ዝርዝር ሌላ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ሊመልስ ይገባዋል፦ ሻጩ ቢወድቅ መረጃው እንዴት ይወጣል? መስመሩ ቢቋረጥ ሥራው በምን ይቀጥላል? በሻጩስ ላይ የሚጸናው የማን ሕግ ነው? የኢንሱል ሒሳብ ማዕከሉ ርካሽ መሆኑን አስረድቷል፤ የኢንሱል ውድቀት ደግሞ ርካሽነት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን አሳይቷል።