መርከቡ ቢቃጠልም ተስፋው አልተቃጠለም



አልፍሬድ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1823 በዌልስ ተወለደ። ቤተሰቡ ስለ ተቸገረ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ። በአማዞን ደን 4 ዓመት ለፍቶ የሰበሰባቸውን እንስሳት ይዞ በ1852 ሲመለስ መርከቡ ከነጭነቱ ተቃጠለ፤ እርሱ 10 ቀን በጀልባ ተንገላቶ ተረፈ።

ተስፋ ሳይቆርጥ ከ1854 እስከ 1862 በዛሬዎቹ የማሌዥያና የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ተዘዋወረ። ባሊንና ሎምቦክን የሚለያቸው ጠባብ ባሕር ሲሆን፣ የባሊ ወፎች የእስያ፣ የሎምቦክ ብዙዎቹ ግን የአውስትራሊያ ዘመዶች መሆናቸውን አስተዋለ። በ1858 በትኩሳት ታሞ ሳለ፣ ሕያዋን ፍጥረታት በዘመናት እንዴት እንደሚለወጡ ጽፎ ለዳርዊን ላከ። የሁለቱም ጽሑፍ በለንደን በአንድነት ተነበበ። ዝናው ለዳርዊን ቢያደላም ዋላስ አልቀናበትም። በ1913 አረፈ።

እኛስ ድካማችን ሲጠፋ፣ ምስጋናውም ለሌላ ሲሰጥ እንጸና ይሆን?