ዘር ሰብሳቢው ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው ነጋዴ የሆኑ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን የመረጡት የእርሻን ትምህርት ነው። በመጀመሪያ የሥራ ዘመናቸው አንዱ የስንዴ ዝርያ በዋግ ሲመታ ሌላው ለምን እንደሚቋቋም አጠኑ።

ጥናቱ የሰብሎችን መነሻ ወደ መፈለግ መራቸው። የምንዘራቸው ሰብሎች ሁሉ ከዱር ዕፅዋት የመጡ ናቸው። ገበሬው በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የተሻለውን እየመረጠ ሲዘራ፣ ድርቁ፣ ውርጩና በሽታውም ደካማውን ሲያስወግዱ፣ የዱሩ ሣር እህል ሆነ። ቫቪሎቭ የአንድ ሰብል ዝርያዎች በብዛት የሚገኙበት ቦታ የሰብሉ መነሻ ነው የሚል ሐሳብ በ1926 አሳተሙ።

በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከራስ ተፈሪ መኰንን ጋር ተገናኝተው፣ በበቅሎ እየተጓዙ በጎንደርና በአክሱም በኩል አልፈው አሥመራ ደረሱ። በየመንገዱ የጤፍ፣ የኑግ፣ የገብስና የስንዴ ዘር ሰበሰቡ። ባዩት የዝርያ ብዛት ተደንቀው አገሪቱን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አደረጓት። ጤፍና ኑግ በእርግጥ የዚህች አገር ተወላጆች ናቸው። ስንዴ ግን ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ መሆኑን የኋላ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ የስንዴ ዓይነት ዘሩን ከየአየሩና ከየአፈሩ ጋር ያላመደው የኢትዮጵያ ገበሬ የልፋት ውጤት ነው።

ቫቪሎቭ ከብዙ አገሮች የሰበሰቡትን ዘር ሌኒንግራድ በሚገኘው ተቋማቸው አከማቹ። ሆኖም ስለ ዘር ውርስ የሚያስተምሩት ሳይንስ በስታሊን መንግሥት ድጋፍ ባገኘው በትሮፊም ሊሴንኮ ወገን ተወገዘ። በ1940 ታሰሩ፤ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድተው በ55 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ነበር። ከባልደረቦቻቸው በርካቶች የሩዝና የሌላ እህል ዘር እየጠበቁ፣ ከዘሩ ሳይቀምሱ በረሃብ ሞቱ። ቫቪሎቭ በ1955 ከተፈረደባቸው ክስ ነጻ ተባሉ።

ምርጥ ዘር የሚወጣው ከነባር ዘር ነው። አዲስ በሽታ ሲመጣ መድኃኒቱ የሚፈለገው በገበሬው ጎተራ በቀረው የአያት ዘር ውስጥ ነው። ስለዚህ ምርጥ ዘር በሚሠራጭበት ወረዳ ሁሉ የትኛው ነባር ዘር ከማሳ እየጠፋ እንደሆነ መመዝገብ፣ ናሙናውንም ለዘር ባንክ ማስረከብ ያስፈልጋል። ገበሬውም ለነባሩ ዘር ጥቂት መደብ ቢተው ለልጅ ልጆቹ የሚሆን ቅርስ ያቆያል።