ሄንሪ ብሩም እና የድሆች አደራ

ጠበቃውና የፓርላማ አባሉ ሄንሪ ብሩም እ.ኤ.አ. በ1778 በኤዲንብራ ተወለዱ። በ1816 የለንደን ድሆችን ትምህርት የሚመረምር የፓርላማ ኮሚቴ ሲመሩ፣ ቸር ሰዎች ለድሆች ልጆች የተናዘዙት ሀብት በባለአደራዎች እጅ እንደሚባክን ተረዱ። በእርሳቸው ጥረት በ1818 በእንግሊዝ አገር ይህን ሀብት የሚያጣራ ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። ሕጉ ግን ተሸራርፎ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲዎችና እንደ ኢተን ያሉ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ከምርመራው ነፃ ሆኑ፤ ብሩም ራሳቸውም በኮሚሽኑ አባልነት ሳይሾሙ ቀሩ። ይሁን እንጂ ምርመራው እስከ 1837 ዘልቆ፣ በየአጥቢያው የተረሳውን ኑዛዜና ሒሳብ መዘገበ፤ በ1853 ለተመሠረተው ቋሚ የበጎ አድራጎት ኮሚሽንም መንገድ ጠረገ። ብሩም በ1868 በፈረንሳይ፣ በካን ከተማ አረፉ። አማካሪ ሹመት ቢነፈግም፣ በሚገባ የተያዘ መዝገብ ለባለመብቱ ድሃ ጠበቃ ሆኖ እንደሚቆም ሥራቸው ምስክር ነው።