ዊልት ቻምበርሊን፦ ጥቂት ወርውሮ ያሸነፈበት ዓመት

በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ መዝገብ ውስጥ እንደ ዊልት ቻምበርሊን ስሙ ተደጋግሞ የሚገኝ ተጫዋች ጥቂት ነው። በአንድ ጨዋታ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረ ማነው ቢባል እሱ፤ በአንድ ዓመት በአማካይ ብዙ ያስቆጠረ ማነው ቢባል አሁንም እሱ። እንዲህም ሆኖ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንድም የሊግ ዋንጫ አላነሳም ነበር። የሚገርመው ደግሞ የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣው እስከዚያ ድረስ በሊጉ ከተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ ዝቅተኛውን አማካይ ነጥብ ባስመዘገበበት ዓመት መሆኑ ነው።

ስለ አንድ ስፖርተኛ ሕይወት እዚህ መጽሔት ላይ መጻፌ ለአንዳንድ የሕክምና ባልደረቦቼ እንግዳ ነገር ሳይሆንባቸው አይቀርም። ግን ታሪኩ ሁለት ነገሮችን ስለሚነካ ለመገናኛ በዓላችን ይስማማል ብዬ አሰብኩ። አንደኛው አብሮ የመሥራት ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሰው ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ለምን ለዓመታት እንደሚርቅ፣ ሲመለስስ ምን እንደሚያገኝ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊልተን ኖርማን ቻምበርሊን ኦገስት 21 ቀን 1936 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። ከዘጠኝ ልጆች አንዱ ነበር። ልጅ ሳለ የሳንባ ምች ይዞት ለሞት ተቃርቦ ነበር፤ በዚሁ የተነሳ አንድ ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት ቀረ። ያ በበሽታ የተዳከመ ልጅ አድጎ ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። መጀመሪያ የወደደው አትሌቲክስን ነበር፤ ግን በፊላደልፊያ ሰፈሮች የቅርጫት ኳስ ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለምና ኳሷ ሳበችው። ኦቨርብሩክ ከሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጨርስ የማይፈልገው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም ማለት ይቻላል።

እሱ የመረጠው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲን ነው። በ1955 እዚያ ሲደርስ በአካባቢው ጥቁሮችን የማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች ነበሩ። ቻምበርሊን እነዚያ ቤቶች እየገባ ይቀመጥ እንደነበር፣ ከሱም በኋላ ለሌሎች በሩ ይከፈት እንደጀመረ ይነገራል። በሜዳ ላይ ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዋንጫ።

ማርች 23 ቀን 1957 የአገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ ካንሳስ ሲቲ ላይ ተደረገ። ተጋጣሚው በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰሜን ካሮላይናዎች ቻምበርሊንን ከፊትም ከኋላም ከበው ያዙት። መደበኛው ሰዓት በእኩል አለቀ። አንዴ ጭማሪ ተሰጠ፤ ሁለተኛ ተሰጠ፤ ሦስተኛም ተሰጠ። መጨረሻው 54 ለ 53 ሆነ፤ ካንሳስ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ዕድሜው ገና ሃያ ነበር። ሽንፈቱን የቡድን ሽንፈት አድርጎ አልያዘውም፤ ዩኒቨርሲቲውን እንዳዋረደ ቆጠረው። በቀጣዩ ዓመት ዲግሪውን ሳይዝ ካንሳስን ለቆ ሄደ።

አንድ ዓመት ከሃርለም ግሎብትሮተርስ ጋር ከተዘዋወረ በኋላ በ1959 የትውልድ ከተማው ቡድን የሆነውን ፊላደልፊያ ዋሪየርስን ተቀላቀለ። በገባበት ዓመት የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም እሱ ሆነ። በ1961–62 የውድድር ዓመት በየጨዋታው በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። ማርች 2 ቀን 1962 ደግሞ ኸርሺ በምትባል የፔንሲልቬኒያ ከተማ፣ 4,124 ተመልካች ፊት፣ በኒውዮርክ ኒክስ ላይ ብቻውን 100 ነጥብ አገባ። ነጻ ውርወራ ዕድሜ ልኩን ያስቸገረው ሰው ያን ምሽት ከ32 ነጻ ውርወራ 28ቱን አስገባ! እስከ ዛሬ ይህን ቁጥር የደረሰበት የለም።

ታዲያ ዋንጫውስ? ዋንጫው ቦስተን ነበር። ቦስተን ሴልቲክስ ከ1959 እስከ 1966 ስምንት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል። በመካከሉ የቆመው ቢል ራስል ነው። ራስል እንደ ቻምበርሊን ነጥብ አያስቆጥርም፤ ግን ይከላከላል፣ ኳስ ይነጥቃል፣ ጓደኞቹን ያጫውታል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ወሬ ይደጋገም ነበር፦ ቻምበርሊን ቁጥር ይሰበስባል፣ ራስል ያሸንፋል። ሁለቱ ከሜዳ ውጭ ወዳጆች ነበሩ፤ አብረው ማዕድ ይቆርሱ ነበር። ወሬው ግን ቻምበርሊንን እንደ እሾህ ይወጋው ነበር።

በ1962 ዋሪየርስ ተሽጦ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲዛወር እሱም አብሮ ሄደ። በጃንዋሪ 1965 ደግሞ ወደ ፊላደልፊያ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ለአዲሱ የከተማው ቡድን ለሰቨንቲሲክሰርስ። በዚያው የውድድር ዓመት ቦስተንን እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ወስደው 110 ለ 109 ተሸነፉ። እንደገና በአንድ ነጥብ! በተከታዩ ዓመት ደግሞ ወዳጁና ጠበቃው የነበረው የቡድኑ የጋራ ባለቤት አይክ ሪችማን ቦስተን ውስጥ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ጨዋታ ሲመለከት ልቡ ቆሞ ሞተ። በዚያ ዓመትም ከቦስተን ጋር ሲገናኙ አምስት ጨዋታ ብቻ በቃቸው፤ ወደቁ።

በ1966 አሌክስ ሃነም አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ሃነም በእነዚያ ዓመታት ከቦስተን ውጭ ሻምፒዮን መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በ1958 ሴንት ሉዊስ ሆክስን ይዞ ዋንጫ ወስዷል። ቻምበርሊንንም ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አሰልጥኖታል። ቁጡና ፊት ለፊት ተናጋሪ ነው፤ ኮከቡን አይፈራም። ሁለቱ መጋጨታቸው አልቀረም። ሃነም የጠየቀው ነገር ለማንም ተጫዋች ከባድ ነው፤ ለሰባት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ለሆነ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። መወርወርህን ቀንስ፣ ኳሱን ለጓደኞችህ ስጥ፣ ጉልበትህን ለመከላከል አውለው ነው ያለው።

ቻምበርሊን እሺ አለ። ለኔ ከመቶው ነጥብ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ እሺታ ነው። በቀደመው ዓመት በየጨዋታው ከ25 ጊዜ በላይ ይወረውር የነበረው ሰው በ1966–67 ወደ 14 ገደማ ወረደ። አማካይ ነጥቡ ከ33.5 ወደ 24.1 ዝቅ አለ፤ የአስቆጣሪነት ማዕረጉንም ለሪክ ባሪ ለቀቀ። በምትኩ ከወረወረው ውስጥ 68.3 በመቶውን አገባ። በየጨዋታው በአማካይ 24.2 ከቅርጫቱ የተመለሱ ኳሶችን ሰበሰበ፤ ወደ ስምንት የሚጠጉ ኳሶችን ደግሞ ጓደኞቹ እንዲያገቡ አመቻችቶ አቀበለ። በዚያ ዘመን ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ሰው እንዲህ ሲያቀብል ማየት የተለመደ አልነበረም።

ጓደኞቹም ቦታ ሲያገኙ ማን እንደሆኑ አሳዩ። ሃል ግሪር፣ ቼት ዎከር እና ወጣቱ ቢሊ ካኒንግሃም ከየአቅጣጫው ያገቡ ጀመር። ሉክ ጃክሰን የሌላውን ከባድ ሥራ ትከሻው ላይ ተሸከመ። አንጋፋው ላሪ ኮስቴሎ የተረከዝ ጅማቱ ተጎድቶ ሲወጣ ዋሊ ጆንስ ቦታውን ተረከበ፤ ቡድኑም አልተንገዳገደም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው። ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 46ቱን አሸነፉ። የውድድር ዓመቱን ሲጨርሱ 68 አሸንፈው 13 ብቻ ተሸንፈው ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በሊጉ ያልታየ ውጤት ነው።

የጥሎ ማለፉ ነገር ግን በድንጋጤ ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከሲንሲናቲ ሮያልስ ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ በገዛ ሜዳቸው ተሸነፉ። ተከታዮቹን ሦስቱን ግን አሸንፈው አለፉ። ቀጥሎ የሚጠብቃቸው ያው ቦስተን ነበር። ራስል በዚያ ዓመት ተጫዋችም አሰልጣኝም ነው፤ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ።

ፊላደልፊያዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፉ። በሦስተኛው ጨዋታ ቻምበርሊን 41 የተመለሱ ኳሶችን ሰበሰበ፤ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ እስካሁን ያልተሰበረ ቁጥር ነው። አራተኛውን ቦስተን ወሰደ። የቦስተንን ልማድ የሚያውቅ ደጋፊ ሁሉ ልቡ መፍራት የጀመረው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ኤፕሪል 11 ቀን 1967 አምስተኛው ጨዋታ ፊላደልፊያ ላይ ተደረገ። መጀመሪያ ላይ ቦስተን መራ። ከዚያ ማዕበሉ መጣ፤ 140 ለ 116 ተጠናቀቀ። ቻምበርሊን 29 ነጥብ አስቆጠረ፣ 36 የተመለሱ ኳሶችን ያዘ፣ 13 ጊዜ ለጓደኞቹ አመቻቸ። የስምንት ዓመቱ የቦስተን ንግሥና በዚያ ምሽት አበቃ። ራስልም ሽንፈቱን ውጦ ወደ አሸናፊዎቹ መልበሻ ክፍል ሄዶ የወዳጁን እጅ ጨበጠ።

ፍጻሜው የገጠመው ከሳን ፍራንሲስኮ ዋሪየርስ ጋር ነው። ይህ ቡድን አንድ ጊዜ የፊላደልፊያ የነበረ፣ ቻምበርሊንንም ሃነምንም የሚያውቅ ቡድን ነው። ኤፕሪል 24 በስድስተኛው ጨዋታ፣ ሪክ ባሪ 44 ነጥብ ቢያስቆጥርም፣ ፊላደልፊያ 125 ለ 122 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ1980 ሊጉ 35ኛ ዓመቱን ሲያከብር ያ ቡድን በታሪኩ ምርጡ ተብሎ ተመረጠ።

እኛ ሐኪሞች ይህን ነገር ከዋርድ ሕይወታችን እናውቀዋለን። እጁ የተባረከ፣ ምርመራው የማይስት፣ ሁሉን እኔው ልሥራው የሚል ጎበዝ በየክፍሉ አይጠፋም። እሱ ሲያድር ዋርዱ ሰላም ነው፤ እሱ ሲተኛ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ምክንያቱም ነርሷም፣ ኢንተርኑም፣ ሬዚደንቱም ኳስ ነክተው አያውቁም። የቻምበርሊን ዓመት እንዲህ ላለው ሰው ይነበብለት። ችሎታው አልቀነሰም እኮ፤ የዋለበት ቦታ ነው የተቀየረው።

ሕይወት ግን ፊልም አይደለችም፤ በዋንጫ አላለቀችም። በተከታዩ ዓመት ቻምበርሊን በጠቅላላ ድምር በሊጉ ከሁሉ በላይ ለጓደኞቹ ያመቻቸ ተጫዋች ሆነ፤ 702 ጊዜ። ሆኖም ቦስተንን 3 ለ 1 እየመሩ በመጨረሻ ተሸነፉ። ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛወረ፤ በ1969 እንደገና በቦስተን በሰባተኛው ጨዋታ ተሸነፈ። ከራስል ጋር ያላቸው ወዳጅነት እንኳ በዚያ ሰሞን ተቋርጦ ለረጅም ዓመታት ሳይጠገን ቆየ። ቀጥሎ የጉልበቱ ሎሚ ጅማት ተበጠሰ፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በዚያው የውድድር ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሰ። በ1971–72 ሌከርስ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው፣ በጠቅላላው 69 አሸንፈው፣ ሻምፒዮን ሆኑ። የፊላደልፊያን የ68 ክብረ ወሰን ያሻሻለው ቡድን መሐል ላይ የቆመው ያው ቻምበርሊን ነበር። በሥራ ዘመኑ 1,045 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ጊዜ በጥፋት ብዛት ከሜዳ አልወጣም።

ፍጹም ሰው ነበር አልልም። በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሴቶች የጻፈው ጉራ ስሙን አጉድፎታል፤ ለዓመታት ከቅርጫት ኳሱ ይልቅ በዚያ ቁጥር ሲወራበት ኖረ። ቁጥር መውደዱ ጎድቶታል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው እንመለስ። ካንሳስ ቁጥር 13 ማልያውን በክብር ሊሰቅልለት ቢፈልግም ቻምበርሊን ለብዙ ዓመታት ራቅ ብሎ ቆየ። ያችን የአንድ ነጥብ ሽንፈት ሰው ሁሉ እንደ ዕዳ ጽፎ የያዘበት ይመስለው ነበር። በመጨረሻ ጃንዋሪ 17 ቀን 1998 ወደ ሎረንስ መጣ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። የተማሪነት ዘመኑን የስፖርት ጃኬት ለብሶ ወደ ሜዳው ሲገባ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበለት። እዚያ ከነበሩት ተማሪዎች አብዛኞቹ በ1957 አልተወለዱም። ቻምበርሊን ንግግር ሲያደርግ ስሜቱን መደበቅ አልቻለም፤ ሽንፈቱ ምን ያህል እንደከበደውና ዩኒቨርሲቲውን እንዳሳፈረ ይሰማው እንደነበር ነገራቸው። መልሳቸው ጭብጨባ ብቻ ነበር። ለአርባ ዓመት የተሸከመውን ዕዳ ከእሱ በቀር የቆጠረው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የኖረው ሃያ አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ኦክቶበር 12 ቀን 1999 በሎስ አንጀለስ፣ ቤል ኤር በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ፣ በልብ ድካም በሽታ በ63 ዓመቱ አረፈ። ከራስል ጋር ቀደም ብለው ታርቀው ነበርና በመታሰቢያው ላይ ከተናገሩት አንዱ ራስል ነበር። ካንሳስ ሳይሄድ፣ ያን ጭብጨባ ሳይሰማ ቢሞት ኖሮ ብዬ ሳስብ፣ ሃያ አንዷ ወር ትንሽ አትመስለኝም።

ውድ የቀድሞ ተማሪዎችና የተከበራችሁ መምህራን፣ በየዓመቱ በዚህ መገናኛ ከማይታዩት መካከል ሥራ በዝቶበት የሚቀር አለ፤ አገር ርቆት የሚቀር አለ። ስፔሻሊቲ አልገባሁም፣ ፈተናው አልተሳካልኝም፣ ስሜ አልተጠራም፣ ምን ይዤ ልምጣ ብሎ የሚቀርም እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስልክ ቁጥሩ እጃችሁ ላይ ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት። ስንት ነጥብ አስቆጠረ ብሎ የሚጠብቀው የለም፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው።

መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን!